የታጠበው ሸክላ

ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም። ደብዳቤም እንኳ። የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው፤ ከዚያ ወዲህ እጄ የጻፈው ስሜንና ፊርማዬን ብቻ ነው። ይህንንም ባቡር ውስጥ ቁጭ ብዬ በስልኬ ላይ በአንድ አውራ ጣት እየለቀምኩ ነው የምጽፈው። የምጽፈው ስለተናደድኩ ነው። ሌላው ሰው ሲናደድ ይጮኻል፣ በር አላትሞ ይወጣል፣ ለጓደኛው ደውሎ ይወጣለታል። እኔ ዓይናፋር ነኝ። ንዴቴ ጉሮሮዬ ድረስ ይመጣና ሰው ሲያየኝ ተመልሶ ይወርዳል። ይኼኛው ግን አልወርድ አለኝ። እዚያው እንደቆመ ነው።

ነገሩ የአንድ ሸክላ ነገር ነው። የድሮውን የዘፈን ሸክላ ማለቴ ነው፤ ጥቁሩን፣ በመርፌ የሚጫወተውን። ባለቤቱ እዚህ አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ የምትባል ከተማ የሚኖሩ አሜሪካዊ ሽማግሌ ነበሩ። ነበሩ የምለው ሞተው ሳይሆን አሁን እዚያ ስለማይኖሩ ነው።

እኔ ሆም ኬር ነው የምሠራው። የቀጠረኝ ኤጀንሲ እሳቸው ቤት መድቦኝ ከዓመት በላይ ሠርቻለሁ። የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፣ ከአክስቴ ጋር። ጠዋት ቀዩን ባቡር ይዤ መሀል ከተማ እወርዳለሁ፤ ቢጫውን ቀይሬ ወንዙን እሻገራለሁ። ከዚያ ሽማግሌውን አጥባቸዋለሁ፣ አለብሳቸዋለሁ፣ ሾርባ አሞቅላቸዋለሁ፣ መድኃኒታቸውን እንዳይረሱ እነግራቸዋለሁ። ሚስታቸው ከሞቱ ቆይተዋል። አንድ ልጅ አላቸው፤ ሩቅ ስቴት ነው የሚኖረው።

ቁጡ ሰው ናቸው። ከእኔ በፊት የነበሩትን ሠራተኞች አንድ በአንድ አባረዋል። እኔን ያላባረሩኝ ስለማልናገር ይመስለኛል። አንድ ቀን በስልክ ለልጃቸው "ይቺኛዋ ቢያንስ አየሩን አትጨርስብኝም" ሲሉ ሰምቻለሁ። እንግሊዝኛዬ ትንሽ ቢሆንም እንደዚህ ያለውን አልስትም።

እጃቸው ይንቀጠቀጣል። ማንኪያ ይይዛሉ፤ የሸክላ ማጫወቻውን መርፌ ማስቀመጥ ግን አይችሉም። ለዚህ ይሆናል እኔ እስክመጣ ማጫወቻው አቧራ ለብሶ የቆየው። አንድ ከሰዓት በኋላ በከዘራቸው ወደ መደርደሪያው አመለከቱኝ።

"ከዳር ያለችውን አውጪ። በጠርዟ ያዢ። ፊቷን በጣትሽ እንዳትነኪ።"

አወጣሁ። ሽፋኑ ላይ ጸጉራቸውን ያስረዘሙ ወጣቶች አንድ የእንጨት መጋዘን ደጃፍ ላይ ቆመዋል። ከኋላቸው፣ በሩ አናት ላይ፣ ቀንዱ ግራና ቀኝ የተዘረጋ የበሬ ራስ ቅል ተሰቅሏል። ልጆቹ የተራቡ ይመስላሉ፤ አንዱ ጫማ እንኳ አላደረገም።

"አሁን መርፌውን። ቀስ። እንቅልፍ የወሰደውን ሕፃን እንደምታስተኚ።"

መርፌው ሲነካው እሳት ላይ እንደወደቀ ጨው ተንጣጣ። ከዚያ ጊታሮቹ መጡ።

ማሲንቆ ይመስላል፣ ክራር ይመስላል እንድል የሚጠብቅ ሰው ይኖራል። አይመስልም። ከማውቀው ነገር አንዱንም አይመስልም፤ ለዚያ ነው የወደድኩት። አንዱ ጊታር ተናግሮ ሳይጨርስ ሌላው ይቀማዋል፤ ተጣሉ ስል ደግሞ ጎን ለጎን ይሄዳሉ። ሦስተኛው የሚጫወተው ክሩ ላይ ብረት እየተጎተተበት ነው፤ አለቀ ስትሉት ድምፁ ገና ይንሸራተታል። ዘፋኙ ያኔ የሃያ ዓመት ልጅ ነበር አሉኝ። ድምፁ ግን ሲጮህ የዋለ ሰው ድምፅ ነው። እኔ በሕይወቴ እንደዚያ ጮኼ አላውቅም። ቁጭ ብዬ ስሰማው አንድ ሰው በእኔ ፈንታ የሚጮህልኝ መሰለኝ።

ሽማግሌው የአሜሪካ ደቡብ ሰው ናቸው፤ የሙዚቃ ባንዱም ከዚያው ነው። ልጆቹ ገና ሳይታወቁ፣ አንድ ትምህርት ቤት የስፖርት አዳራሽ ውስጥ ሲጫወቱ አይተዋቸዋል፤ ያኔ ፍቅረኛቸው ከነበሩት ሚስታቸው ጋር። ይህ ሁለተኛ አልበማቸው ሲወጣ ሁለቱ አብረው ሄደው ገዙት። ከዚያ በኋላ ባንዱ ታወቀ፤ ብዙ ሸክላ አወጣ። እሳቸው ግን የኋለኞቹን ቤታቸው አያስገቡም።

"ሀብታም ከሆኑ በኋላ የሠሩትን ለሀብታሞች ተዪላቸው" ይላሉ።

የመጀመሪያው ዘፈን ሲያልቅ "እንዴት ነው?" አሉኝ።

"ጥሩ ነው።"

ሁለተኛው አለቀ። "ይኼስ?"

"ጥሩ ነው።"

ሦስተኛውም ላይ ጥሩ ነው ስል ከዘራቸውን ወለሉ ላይ መቱ።

"ሁሉም ጥሩ ሊሆን አይችልም። እዚህ ውስጥ የማይረባ አለ። ፈልጊና ንገሪኝ። እስክትነግሪኝ ሾርባውን አልበላም።"

ሾርባው ቀዘቀዘ። እኔ ያደግኩት የሰጡኝን ሁሉ ጥሩ ነው እያልኩ ነው። ከትምህርት ቤት አስወጥተው ሰው ቤት ልጅ እንድይዝ ሲያስገቡኝ እንዴት ነው ተባልኩ፤ ጥሩ ነው አልኩ። ጫማው ሲጠበኝም ጥሩ ነው። እንደዚህ ብሎ ማለፍ ጨዋነት ነው ተብዬ ነው ያደግኩት። እንዲህ ያለ መልስ ሰው እንደሚያናድድ ያወቅኩት ያን ቀን ነው።

በማግስቱ አሰብኩበትና ነገርኳቸው። "የሸክላው የመጀመሪያ ገጽ መጨረሻ ላይ ያለው ዘፈን ይዋሻል።"

"እንዴት ነው የሚዋሸው?"

"እሱ አዝኛለሁ ይላል።" እንግሊዝኛው ሲያልቅብኝ በጣቶቼ ጠረጴዛውን መታሁላቸው። "ከበሮው ግን ደስ ብሎታል።"

እስኪያስላቸው ሳቁ። ከዚያ "ተሳስተሻል" አሉኝ። "ከሁሉም የሚበልጠው እሱ ነው። ነገ እንከራከርበታለን።"

ተከራከርን። በማግስቱም፣ ከዚያ በኋላም። እሳቸው ሲቆጡ እኔ ዝም አልልም ነበር። ለምን እንደሆነ አላውቅም፤ ከሌላ ሰው ጋር ዛሬም አልችልም። ሲልቨር ስፕሪንግ ስመለስ ያው ዝምተኛዋ ነኝ። አሌክሳንድሪያ ግን አንድ ቤት ውስጥ፣ ስለ አንድ ሸክላ፣ አይደለም የምል ሰው ነበርኩ።

አንድ ዘፈን ግን አንሰማም ነበር። ከሽፋኑ ጀርባ የዘፈኖቹ ስም ተጽፏል። ከሁለተኛው ገጽ ሦስተኛው ዘፈን አጠገብ ሚስታቸው በሰማያዊ ብዕር አንድ ቃል ጽፈዋል፤ ዝለለው የሚል። እዚያ ስንደርስ መርፌውን አንሥቼ ወደሚቀጥለው አሳልፈዋለሁ። በዘፈንና በዘፈን መሀል ለስላሳ መስመር አለ፤ እሱን በዓይኔ መያዝ ለመድኩ።

"ሚስትዎ ለምንድን ነው የጠሉት?" አልኳቸው አንድ ቀን።

"አልነገረችኝም። ከሥራ ስመለስ ጽፋው አገኘሁት። ስጠይቃት 'ካልገባህ ደግሞ እሱም አንድ ምክንያት ነው' አለችኝ።"

"አንድ ቀን እንስማው።"

"አለቃዋ እሷ ናት" አሉኝ። በዚያው ቀረ።

ሁዳዴ ከገባ በኋላ ልጃቸው መጣ። አባቱን እሱ ያለበት ስቴት፣ ነርሲንግ ሆም፣ የአረጋውያን መጦሪያ ማለት ነው፣ ሊያስገባቸው ወስኗል። ቤቱ ሊሸጥ፣ ዕቃውም ለብቻው ሊሸጥ ነው። ዕቃ የሚሸጡ ሴቶች መጥተው ያገኙት ነገር ሁሉ ላይ ዋጋ የተጻፈበት ቢጫ ወረቀት ለጠፉ። ወንበሩ ላይ፣ ድስቱ ላይ፣ የሚስታቸው መስታወት ላይ። ሽማግሌው ሶፋ ላይ ተቀምጠው እያሉ ሶፋው ላይ ለጠፉ። ማጫወቻው ላይም ለጠፉ።

"ሸክላው አይሸጥም" አሉት ልጃቸውን።

"ዳድ፣ እዚያ ማጫወቻ የለህም። ምን ያደርግልሃል?"

ሳህን እያጠብኩ ሁሉንም እሰማለሁ። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ እሱ ባንክ ሲሄድ ወደ እሳቸው ጠሩኝ።

"ቤትሽ ውሰጂልኝ። ቅዳሜ ጠዋት መኪናው ሲመጣ ታመጪልኛለሽ። ጭኔ ላይ አድርጌ ነው የምሄደው። ጭኔ ላይ ካለ ወረቀት የሚለጥፍበት የለም።"

ከደንበኛ ቤት የሻይ ማንኪያ እንኳ ይዞ መውጣት ክልክል ነው። ኤጀንሲው ቢሰማ እባረራለሁ። እሳቸውም ያውቁታል፤ ዓይኔን እያዩ ጠበቁኝ።

"እሺ" አልኩ።

"ማንም እንዳይነካው።"

"ማንም አይነካውም።"

ይህን ያልኩት እኔ ነኝ። ማንም አይነካውም።

ባቡር ውስጥ ከለበስኩት ኮት ስር ደረቴ ላይ አቅፌው መጣሁ። ቤት ስደርስ የት ላስቀምጠው። የምተኛው ሳሎን ሶፋው ላይ ነው፤ የራሴ በርም መሳቢያም የለኝም። ከሶፋው ኋላ ሂተር ስላለ ሙቀቱን ፈራሁ። የአክስቴ ልጅ ክፍል የገባ ነገር አይገኝም፤ እሷ እዚሁ ተወልዳ ያደገች፣ ኮሌጅ የምትማር ልጅ ናት፣ ልብሷን መሬት ላይ ነው የምትሰቅለው። ወጥ ቤቱ እንፋሎት ነው። አስቤ አስቤ አንድ ቦታ አገኘሁ። አክስቴ የቤተ ክርስቲያን ልብሳቸውን የሚያስቀምጡበት ክዳን ያለው ትልቅ የፕላስቲክ ሳጥን አላቸው። ውስጡ ንጹሕ ነው፣ ደረቅ ነው፣ እስከ እሑድ ማንም አይከፍተውም። ሸክላውን ከነጠላዎቹ ስር አጋድሜ ክዳኑን ገጠምኩ። እፎይ ብዬ ተኛሁ።

አርብ አክስቴ ሥራ ነበራቸው። እኔ ከወጣሁ በኋላ ግን የሥራ ሰዓታቸውን ቀይረው ለስግደት ተነሡ። ነጠላ ሊያወጡ ሳጥኑን ከፈቱ።

አመሻሽ ላይ ስገባ ምንጣፉ ላይ እርጥብ ፎጣዎች ተዘርግተው አየሁ። ሽፋኑ ሂተሩን ተደግፎ ቆሟል። አብጦ፣ ጠርዙ ተከፍቶ፣ ሥዕሉ ላይ ያሉት ልጆች ፊታቸው ተሸብሽቧል። ሸክላው ራሱ ሂተሩ አናት ላይ ተኝቷል። ፀሐይ ላይ እንደተሰጣ ቆዳ ወደ ላይ ታጥፏል።

አክስቴ ከወጥ ቤት መግባቴን ሰሙ። "መጣሽ? ቆይ አትንኪው፣ ገና አልደረቀም።"

"እቴቴ፣ ምን ሆኖ ነው?"

"ምን ሆኖ ትይኛለሽ? ነጠላዬን ብድግ ሳደርግ ቀንድ ያለው ነገር ዓይን ለዓይን ገጠመኝ። በሁዳዴ። ለስግደት ልወጣ ስል። ልቤ ቀጥ ልትል ምንም አልቀራት።"

"የበሬ ራስ ነው።"

"የበሬ ራስ ከነጠላዬ ጋር ምን ጉዳይ አለው?"

"ሥጋ ቤት በር ላይ አይተው አያውቁም?"

"ሥጋ ቤት ሌላ፣ የቤተ ክርስቲያን ልብስ ሌላ። እነዚያን ጸጉራሞችም አየኋቸው። ሌላ ሰው ቢሆን አውጥቶ ይጥለው ነበር። እኔ የሰው ዕቃ ነው ብዬ ጸበል አፈሰስኩበት፣ ደህና አድርጌ አጠብኩት፣ ይኸው እያደረቅኩልሽ ነው።"

"አጠቡት?"

"ሸክላ የማላውቅ መሰለሽ እንዴ? አባታችን ቤት ሸክላ በሳሙና ነበር የሚታጠበው። ውኃ ምን ያደርገዋል?"

ውኃ ጥቁሩን ምንም አያደርገውም፤ ይህ እውነት ነው። ሽማግሌውም ነግረውኛል። ወረቀቱን ግን ያደርገዋል። ሂተሩ ደግሞ ጥቁሩን። ሽፋኑን አንሥቼ ጀርባውን ገለበጥኩ። ሰማያዊው ቃል የለም። በቃሉ ቦታ ሰማያዊ እድፍ ብቻ ነው ያለው፤ ወርዶ ሌሎቹን ዘፈኖች ሁሉ ነክቷል።

ከዚያ ያልኩትን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ፤ በሕይወቴ ጮክ ብዬ የተናገርኩት እሱን ብቻ ስለሆነ።

"ማን ንኩት አለዎት? እዚህ ቤት ሳይታጠብ የሚገባ ነገር የለም? ጓደኛዬን ሳመጣ ከኋላዋ ጸበል። ፀጉሬን ስቆረጥ ጸበል። ሥራ ስጀምር ጸበል፣ ከሥራ ስመለስ የነጮቹን ቤት ይዘሽ መጣሽ ብለው ጸበል። እኔ ምን ሆኜ ነው ሁልጊዜ የምታጠበው?"

አክስቴ ጭልፋውን እንደያዙ ቆሙ። ልጃቸው ከክፍሏ ወጣች፣ ጆሮዋ ላይ የሚደረገውን አንገቷ ላይ አውርዳ።

"ዌይት፣ እሷ ናት የጮኸችው?" አለች። ከዚያ ሂተሩን አየች፣ የጸበሉን ጄሪካን አየች። ሳቋን መያዝ አልቻለችም። "ማሚ፣ ሮክ ባንድ አጠመቅሽ?"

"ዝም በይ አንቺ" አሏት። ወደ እኔ ዞሩ። "እንዲህ ያለ ድምፅ ነበረሽ ለካ። እስከ ዛሬ ከእኔ ጋር ስትኖሪ አንድ ክፉ ቃል ሳይወጣሽ፣ ለጸጉራም ሸክላ?"

"የሰው አደራ ነው።"

"አደራ ከሆነ ለምን አልነገርሽኝም?"

ብነግራቸው ቤት አያስገቡትም ነበር። እሳቸውም ያውቃሉ፣ እኔም አውቃለሁ። ድምፄ እንደመጣው ሄደ።

ክፉ ሰው ቢሆኑ ይቀለኝ ነበር። ክፉ አይደሉም። ያስመጡኝ እሳቸው ናቸው፣ ብርድ ሲገባ ኮት የገዙልኝ እሳቸው ናቸው፣ ስታመም ሌሊቱን ሙሉ አጠገቤ የሚቀመጡት እሳቸው ናቸው። ያጠቡትም ለእኔ ብለው ነው። የሚያናድደኝም ይኸው ነው። ለእኔ ብለው የሚያደርጉትን ሁሉ ጥሩ ነው ማለት አለብኝ። ከዚያን ቀን ወዲህ ጠዋት እንዴት አደሩ እላቸዋለሁ፣ እግዚአብሔር ይመስገን ይሉኛል፤ ሌላ የለም። ሰው እያየን ከሆነ ተነሥቼ ጉልበታቸውን እስማለሁ፤ ለብቻችን ስንሆን አልችልም።

ያን ምሽት የአክስቴ ልጅ ሶፋው ላይ አጠገቤ ተቀመጠች። ሳቋ አልቆላታል። "ሊስን፣ ይሄ አልበም ኦንላይን ሞልቷል። ኒው የሆነውን ኦርደር ላድርግልሽ።"

"እሱ አይደለም።"

"ያው ነው እኮ። እይ፣ ስልኬ ላይም አለ፣ ሙሉውን።" ከፈተችው። ጊታሮቹ ከስልኩ ቀጭን ሆነው ወጡ። የዘፈኖቹ ስም ተደርድሯል፤ ያን ሳንሰማው የቀረነውን አየሁት። ጣቷ ወደ እሱ ሄደ።

"ዝጊው" አልኳት። ዘጋችው።

"ዝናብ መታው በያቸው በቃ" አለችኝ ቀስ ብላ። "ሁ ኬርስ። ሽማግሌ ናቸው፣ ያምኑሻል።"

ቅዳሜ ጠዋት እሷ ራሷ በመኪና ወሰደችኝ። ስንወጣ አክስቴ በሩ ላይ ቆሙ።

"የሽማግሌውን የክርስትና ስም ጠይቂልኝ" አሉ። "ጸሎት አስይዝላቸዋለሁ።"

"የእኛ ሃይማኖት አይደሉም።"

"ቢሆንስ ስም ያጣሉ?"

ደረጃውን ወረድኩ። ይህም ደግነት ነው፤ ጥርሴን የነከስኩበት ደግነት።

ቤልትዌይው፣ ከተማውን የሚዞረው መንገድ፣ ክፍት ነበር። ድልድዩን ስንሻገር በእንግሊዝኛ ምን እንደምል በልቤ እለማመዳለሁ። ሸክላውን ጭኔ ላይ አድርጌዋለሁ፤ መኪናው ሲነጥር የታጠፈው ጥቁር በሽፋኑ ውስጥ ይንቀጠቀጣል። ስንደርስ "አብሬሽ ልግባ፣ ላስረዳልሽ" አለችኝ። አይሆንም አልኳት። እዚያ ቤት ሌላ ሰው ተናግሮልኝ አያውቅም።

ቤቱ ባዶ ነው። ምንጣፉ ላይ ሶፋው የነበረበት ቦታ ቀለሙ ሳይለቅ ቀርቷል። ማጫወቻው የለም። ሽማግሌው ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆነው በሩ አጠገብ ይጠብቁኛል፤ ልጃቸው ውጭ መኪና ይጭናል። ልጁ ነው ያለበሳቸው፤ የኮታቸው ቁልፍ አንድ ቀዳዳ ስቶ ነው የተቆለፈው። ሌላ ነገር ሳልናገር ተንበርክኬ ፈትቼ አስተካከልኩላቸው። እጄን የማሠራው ነገር ፈልጌም ነው።

"አመጣሽው?"

ጭናቸው ላይ አስቀመጥኩላቸው።

ፊቱን አላዩትም። ወዲያው ጀርባውን ነው የገለበጡት። ጣታቸው እየተንቀጠቀጠ ከሁለተኛው ገጽ ሦስተኛው ዘፈን ላይ ሄደና ቆመ። ሰማያዊውን እድፍ ደባበሱት። ከዚያ ሸክላውን ጎትተው አወጡ፣ ጭናቸው ላይ አጋደሙት። አልጋደም አለ፤ ወዲህና ወዲያ ይወዛወዛል።

"ዝናብ ነው?" አሉኝ።

ውሸቱን እሳቸው ራሳቸው ሰጡኝ። አዎ ማለት ብቻ ነበር የሚቀረኝ። ግን እዚህ ክፍል ውስጥ ቁጭ ብዬ ዘፈኑ ይዋሻል ያልኩት እኔ ነኝ።

"አይደለም። አክስቴ አጠቡት። ከዚያ ሂተር ላይ አደረቁት።"

"ለምን?"

ጸበልን በእንግሊዝኛ አላውቀውም። የቤተ ክርስቲያን ውኃ አልኩ። ሥዕሉን አይተው ፈሩ፣ ቀንዱን፣ ጸጉሩን አልኩ። ፊታቸው ላይ ምንም አልተለወጠም፤ እንደገና "ለምን?" አሉኝ።

"ንጹሕ እንዲሆን ብለው።"

ልጃቸው ገባ። "ዳድ፣ መንገዱ ሳይጨናነቅ እንሂድ" ብሎ የወንበሩን እጀታ ያዘ። ጭናቸው ላይ ያለውን አየ።

ከዘራቸውን ወለሉ ላይ እንዲመቱ ጠበቅኩ። እንዲጮኹብኝ፣ ተሳስተሻል እንዲሉኝ፣ እኔም የምመልሰው እንዲኖረኝ። ከዘራው ቀድሞ መኪናው ውስጥ ገብቷል። ሸክላውን በጠርዙ ይዘው፣ ፊቱን ሳይነኩ፣ ወደ ሽፋኑ ለመመለስ ሞከሩ። ስለታጠፈ አልገባ አላቸው። ላግዛቸው እጄን ስዘረጋ በክርናቸው መለሱኝ።

ልጃቸው ወንበሩን ገፋ። በሩ ላይ ሲደርሱ አንገታቸውን አዙረው አዩኝ።

"ንጹሕ ነበር እኮ" አሉኝ።